ፈርም

በደሴ ከተማ ለአንድ የንባብ ቡድን አባላት፣ ከፊልም ትርኢት በኋላ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ያያችሁት ፊልም 154 ደቂቃ ይፈጃል። በደሴ ብርድ ያን ያህል ጊዜ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለምና ሳትነሡ ስለጨረሳችሁት አመሰግናለሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁት ብልሆች ናችሁ። እኔ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ፤ ሐረጎን ስወጣ ምን እንደሚጠብቀኝ እያወቅሁ ይኸው እስከ ዛሬ በሸሚዝ እመጣለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ክፍል ቆሜ፣ ከልቦለዶች ሁሉ አብልጬ ስለምወደው ልቦለድ ተናግሬ ነበር። ያን ቀን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነበር። ሆን ብዬ አላደረግሁትም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለውን መከላከያ ከመስማቱ ብዛት ከራሱ አፍ ሲወጣ ያፍራል። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ቃሌን ላርም ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ ያሳሳተኝን ፊልም አብራችሁኝ እንድታዩት ፈለግሁ።

መጽሐፉ የጆን ግሪሻም «ዘ ፈርም» ነው፤ በአማርኛ «የጥብቅና ድርጅቱ» ብንለው ይቀርባል። የታተመው በ1983 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ራሱ ሚሲሲፒ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ጠበቃ ነበር፤ ከዚህ በፊት ያወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ የታተመው በ5,000 ቅጂ ብቻ ነው። የዚህኛው ዕጣ ሌላ ሆነ። ገና በረቂቅነቱ፣ አሳታሚ እንኳ ሳያገኝ፣ አንድ የሆሊውድ ኩባንያ የፊልም መብቱን በ600,000 ዶላር ገዛው። ልጁ ሳይወለድ ታጨ ማለት ነው። ሲድኒ ፖላክ ያዘጋጀው ፊልም በሰኔ 1985 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ።

የእኔን ቅጂ የገዛሁት በ1987 ዓ.ም. ፒያሳ አስፋልት ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰው ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ከመጨረሻው ደግሞ የጣት ውፍረት የሚያህል ቅጠል ጎድሎታል። ሻጩን ብጠይቀው «ዋናው ታሪክ አለ፤ የጎደለው ጥቂት ነው» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው መጽሐፉን እንዳላነበበው ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ያኔ ግን ዋጋውን ስላስቀነሰልኝ ደስ ብሎኝ ወሰድሁት።

ያን ጊዜ ቤቴ ኮምቦልቻ፣ ሥራዬ ደሴ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎን የሚያውቅ ግን በኪሎ ሜትር አይቆጥረውም፣ በጥምዝ ይቆጥረዋል። በአውቶቡስ እየተመላለስሁ አነበብሁት። ጥምዙ ላይ ሲደርስ ሆድ ስለሚበጠብጥ መጽሐፉን አጥፌ፣ ጣቴን ገጹ ላይ እንደሰካሁ ውጭ ውጭውን አያለሁ። ጉም ውስጥ ስንገባ እንደገና እገልጠዋለሁ። እንግሊዝኛዬ መዝገበ ቃላት ተደግፎ የሚሄድ ነበርና አንዱን ምዕራፍ ሦስት ቀን እቆይበታለሁ። መጽሐፍ እንዲህ በዝግታ ሲነበብ ሰዎቹ ጎረቤት ይሆናሉ።

በካኪ ወረቀት ለብጄው ፊቱ ላይ በአማርኛ ፊደል፣ በትልቁ፣ «ፈርም» ብዬ ጻፍሁበት። «ዘ» የምትለዋን ተውኋት። በማግስቱ መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ሳለ አንድ መጥሪያ አድራሽ ገባ። አየው። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ጎንበስ ብሎ «የት ላይ ነው?» አለኝ።

ስቄ አላባራሁም። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነበር። ታሪኩ ቢጨመቅ የፈረመ ሰው ታሪክ ነው። ሚች ማክዲር ከድሃ ቤት የወጣ፣ ወንድሙ እስር ቤት ያለ፣ ሃርቫርድ የተማረ ወጣት ጠበቃ ነው። ሜምፊስ ያለ አንድ ድርጅት ከትልልቆቹ ከተሞች የሚበልጥ ደመወዝ፣ ቤት መግዣ ብድርና አዲስ መኪና ይሰጠዋል። (መኪናው በመጽሐፉ ቢኤምደብሊው፣ በፊልሙ መርሴዲስ ነው። በዚህ ብቻ ከአንድ ወዳጄ ጋር አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረናል።) ይፈርማል። ከዚያ ድርጅቱ የሺካጎ ማፍያዎች ንብረት እንደሆነ፣ ጠበቆቹም የማፍያውን ገንዘብ ሕጋዊ እያስመሰሉ እንደሚኖሩ፣ ልልቀቅ ያለ ጠበቃ ሁሉ በሕይወት እንዳልለቀቀ ያውቃል። የአገሪቱ የምርመራ ቢሮ ሰዎች ደግሞ መጥተው «ሰነዱን አውጣልን፤ እምቢ ካልህ አብረህ ትታሰራለህ» ይሉታል። ሰነዱን ቢያወጣ የደንበኛ ምስጢር አሳልፎ የሰጠ ጠበቃ ይሆናል፤ ፈቃዱ ይሄዳል፣ ምናልባትም ነፍሱ።

አስተውላችሁ ከሆነ ታሪኩ የሕግ ይባል እንጂ ችሎት የለበትም። ተነሥቶ የሚከራከር የለም፤ መዶሻ የሚመታ ዳኛ የለም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው። እኛ ባላጋራዎች ኩታቸውን አደግድገው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ዳኛ ፊት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የተሟገቱበት፣ በማርና በበቅሎ የተወራረዱበት አገር ልጆች ነን። ነገር ማለት ለእኛ አፍ ነው። የጠበቃ ታሪክ ሲባል አንደበተ ርቱዕ ሰው ተነሥቶ ችሎቱን ሲያንቀጠቅጥ እንጠብቃለን።

እኔን የማረከኝ ግን ይኸው ጉድለቱ ነው። በዚህ ታሪክ የሚሞተውም የሚድነውም በወረቀት ነው። መዝገብ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ይገለበጣል፣ ኮፒ ይደረጋል፣ ቦታው ይመለሳል። መዝገብ ቤት የሠራችሁ ካላችሁ ይገባችኋል፤ ሰው ሁሉ ፍርዱ ያለው ዳኛው አፍ ላይ ይመስለዋል እንጂ እኛ የምናውቀው ከመደርደሪያው የጠፋ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ነው። መዝገብ ሲከፈት እያንዳንዱ ቅጠል ቁጥር ይጻፍበታል። ከ17 ቀጥሎ 19 ከመጣ ያን ቀን ምሳ የለም፤ መደርደሪያ ሥር መንበርከክ፣ በስሕተት ከሌላ መዝገብ ጋር ተሰፍቶ እንደሆነ አንድ በአንድ መግለጥ ነው። ቅጠሉ እስኪገኝ ማንም ቤቱ አይሄድም።

ይህን የማደርገው ሰው መጨረሻው የጎደለ ልቦለድ ታቅፌ ነበር የምውለው።

ቅጂዬ የሚያልቀው ሚች ነገሩ እንደተነቃበት አውቆ ከቢሮው ሮጦ ሲወጣ ነው። ይሮጣል። ከዚያ የካኪው ልባጥ አለ። አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ሲሮጥ ኖረ።

በ1988 ዓ.ም. ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አየሁ። የተዋናዩ የቶም ክሩዝ ስም በትልቁ፣ የፊልሙ ስም በትንሹ። ገባሁ። ክፍሉ ሞልቷል፤ ሞልቶ የነበረው ግን በስሕተት ነው፤ ሰዉ ድብድብ ያለበት ፊልም መስሎት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ከፊት ያለ ጎረምሳ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰዓት ሲሆን ግማሹ ወጣ። የቀረነው ሰባት ስምንት እንሆናለን፤ እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ነበርሁና አስተርጓሚ አደረጉኝ።

ማስተርጎም ያቃተኝ ግድያው አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። በፊልሙ ሚች የሚያመልጥበት መንገድ እንዳያችሁት ነው። የድርጅቱ ጠበቆች ደንበኞቻቸውን በሰዓት ያስከፍላሉ፤ ያልሠሩበትንም ሰዓት ይጨምሩበታል፤ የተጋነነውን ሒሳብ ደግሞ በፖስታ ይልካሉ። የተጋነነ ሒሳብ በፖስታ መላክ እዚያ አገር የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ፊልሙ እንደሚለው እያንዳንዱ ፖስታ ለብቻው 10,000 ዶላርና አምስት ዓመት ያስቀጣል። ይህን ሁሉ እያየሁ በአማርኛ ስናገር አንዱ «ጠበቃ በሰዓት? እንደ ልስን ሠሪ?» አለኝ። እኛ ዘንድ ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋዋለው በጉዳዩ ነው፤ ጉዳዩ አሥር ዓመት ቢወስድ የቀጠሮው መብዛት የሚያከሳው ባለጉዳዩን ነው። ሰዓት ቆጥሮ የሚያስከፍል ጠበቃ ለሰዎቹ ከማፍያው ይልቅ የማይታመን ሆነባቸው።

እኔ ግን ሒሳቡ ሲገባኝ ከአግዳሚው ተነሣሁ። ሽጉጥ አይደለም፣ ንግግር አይደለም፤ ፖስታ! ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ! የመዝገብ ቤት ሰው ከዚህ የበለጠ ፍጻሜ ከየት ያገኛል? ሚች ወደ ማፍያዎቹ ሄዶ «የሒሳባችሁን ቅጂ ለመርማሪዎቹ ልስጥ፤ የቀረውን ምስጢራችሁን እንደ ጠበቃችሁ እጠብቃለሁ» ይላቸዋል። እሺ ይሉታል። የድርጅቱ ሰዎች ይወድቃሉ። እሱ ፈቃዱን እንደያዘ፣ ከሚስቱ ጋር በመጡባት በዚያችው አሮጌ መኪና ወደ ቦስተን ይመለሳል።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሻይ የሚያፈሉ እትዬ ነበሩ። ብርጭቆ እየሰበሰቡ ነበር የሚሰሙኝ። ሲያበቃ ቀና ብለው «ቆይ እስቲ» አሉ። «ሎሌዎቹን አሰሩ። ጌቶቹስ? የሺካጎዎቹስ?»

«እነሱ ደንበኞች ናቸው፣ እትዬ። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር አያወጣም። ሕግ ነው» አልኋቸው።

«እንዲህ ነው ሕግ» አሉና ብርጭቆውን ይዘው ገቡ። መልሴ ደስ ብሎኝ፣ ጉም በሸፈነው አስፋልት ላይ እያፏጨሁ ወደ ማደሪያዬ ሄድሁ። የፊልሙን ሙዚቃ ነበር የማፏጨው። ዴቭ ግሩሲን የሚባል ሰው የሠራው ነው፤ ከሞላ ጎደል ፒያኖ ብቻ። ሚች ቦርሳውን ይዞ ሲሮጥ የምትሰሙት ያ ዱብ ዱብ የሚለው ፒያኖ ነው። መጽሐፉን ሳነበው ሩጫው ድምፅ አልነበረውም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አለው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነው ማንም ላይ የሚሆን ነገር ነው። ፊልሙ የጎደለውን ገጽ ሞላልኝ፤ እኔም የሞላልኝ እሱ መሆኑን ረሳሁት። የሁለት ዓመቱ ንግግሬ ላይ «ግሪሻም መጽሐፉን የሚዘጋበት ጥበብ» ብዬ ስለ ፖስታው ሩብ ሰዓት ተናገርሁ። አጨበጨባችሁ። ወርጄ ሳልቀመጥ አንዲት የሕግ ተማሪ፣ ዛሬም እዚያ ጥግ ተቀምጣለች፣ መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመጽሐፉ ነው ያነበቡት?»

«አዎ።»

«ወደ ቦስተን በምን ነበር የሚመለሱት?»

«በአሮጌዋ መኪናቸው። ዕቃቸውን ጭነው። አሁን ድረስ ሲሄዱ ይታየኛል።»

«ይታየኛል ነው ያሉት» አለች፤ ፈገግ ብላ።

ብዙ መስቀለኛ ጥያቄ በጽሑፍ ሲሰፍር አይቻለሁ። ከዚህ ያጠረ አላስታውስም። መጽሐፉን በስልኳ ሙሉውን አንብባው ኖሯል። በማግስቱ የጎደሉኝን ገጾች አሳትማ አመጣችልኝ።

እውነተኛው መጨረሻ እንዲህ ነው። ሚች ከቢሮው ሮጦ ወደ ቦስተን አይሄድም። ከሚስቱና ከእስር ቤት ካስወጡት ወንድሙ ጋር ፍሎሪዳ ውስጥ ፓናማ ሲቲ ቢች በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ርካሽ ሞቴል ውስጥ ይደበቃል፤ እዚያ ሆኖ የሚያውቀውን ሁሉ በቪዲዮ ይናገራል። ሰነዱን ለመርማሪዎቹ ይተዋል። ድርጅቱ ካይማን በምትባል ደሴት ካለው የባንክ ሒሳብ ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። ከዚያ በጀልባ ወደ ካሪቢያን ባሕር። የጥብቅናው ነገር አከተመ። ጌቶቹም ይከሰሳሉ። ፖስታ የለ፣ ቴምብር የለ።

አንብቤ ተናደድሁ። ሌባ አደረገው አልሁ። ያ ሁሉ ጥበብ የፊልም ጸሐፊዎቹ እንጂ የወደድሁት ደራሲ አለመሆኑ ራሱ እንደ ክሕደት ሆነብኝ። ለሳምንታት የፊልሙ ጠበቃ ሆኜ ከልጅቷ ጋር ስከራከር ሰነበትሁ። «ፊልሙ ሕግን ያከብራል፤ መጽሐፉ ገንዘብ አስይዞ ያስኮበልላል» እላለሁ። የምስጢሩ ነገር እኛም አገር ቀልድ አይደለም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ ጠበቃም በስም ተጠቅሷል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የእሷ ክርክር አይደለም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር ያየሁት አንድ ትዕይንት ነው። ሚች ከማፍያዎቹ ጋር ተቀምጦ ሲዋዋል ፊቱን ተመልከቱት። ድሮ ያየሁት ድል ነበር። ዛሬ ያየሁት እንደገና ሲፈርም ነው። መጀመሪያ ለድርጅቱ ፈረመ፤ አሁን ደግሞ በቃሉ ለባለቤቶቹ ይፈርማል፤ እስከ ዕድሜ ልኩ ዝም ሊል። ሰው መሞቱን የሚያውቅ ጠበቃ፣ ማን እንዳስገደለ የሚያውቅ ጠበቃ፣ ቦስተን ሄዶ የሰው ውርስና የሰው ግብር ሊሠራ። ፊልሙ ይህን በጥሩ ፒያኖ ሸኝቶ በአሮጌ መኪና ስለሰደደው ንጹሕ ሆኖ ይታየናል።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሚች ሌባ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን አወጣው። ተናገረ። ዋጋውም አገሩና ሙያው ነው። 10 ሚሊዮኑን ስናይ የተሸለመ ይመስለናል እንጂ፣ ሃርቫርድ ድረስ ተርቦ የተማረውን ነገር ዳግመኛ አይነካውም። እኔ ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤቱ በር ላይ ያለ ሥራ ቆሜ የተገኘሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ቅጣት ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ።

እትዬ ያነሡት ጥያቄ መልሱ ተገንጥሎ ከጠፋው ገጽ ላይ ነበር። እኔ አንቀጽ ጠቅሼ ዝም አሰኘኋቸው። አሁን በሕይወት የሉም።

እንዲህ ስል ፊልሙ ይጣል ማለቴ አይደለም። የፖስታው ነገር አሁንም ያስነሣኛል። ደግሞም ከመጽሐፉ የሚበልጥበት አንድ ሰው አለ፤ አቬሪ ቶለር። ሚችን የሚያሠለጥነው ሽማግሌ ጠበቃ። በመጽሐፉ ያን ያህል አላሳዘነኝም ነበር። ጂን ሃክማን ሲይዘው ግን፣ በ2017 ዓ.ም. ነው ያረፈው፣ ሌላ ሰው ሆነ። የሚች ሚስት ልታዘናጋው ደሴቱ ድረስ ስትሄድበት፣ እንዳታለለችው ሲገባው፣ አይጮህም፤ የደከመ ፊት ብቻ ያሳያል። ከሃያ ዓመት በፊት የሆነ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው ፊት። አሁን መጽሐፉን ስገልጥ አቬሪ የሚናገረው በሃክማን ፊት ነው። ይህን ማንም መልሶ ሊነጥለኝ አይችልም፤ እኔም አልጠይቅም።

ፊልም መጽሐፍን መለወጡ በራሱ አያስከፋኝም። የዚሁ ደራሲ ሌላ ልቦለድ ውስጥ ተከሳሹ የሲጋራ ኩባንያ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ፊልም የጠመንጃ ኩባንያ ሆነ። ያም ታሪክ የሚዞረው በፍርድ ሸንጎ ላይ በሚቀመጡ ተራ ዜጎች ዙሪያ ነው፤ እኛ አገር እንዲህ ያለ ሥርዓት ስለሌለ ማብራሪያው ከፊልሙ ይረዝምብኛል ብዬ ተውሁት። እዚያ ግን የተለወጠው ተከሳሹ ነው፤ ክርክሩ ያው ነው። እዚህ የተለወጠው ፍርዱ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ካኪው የነተበው፣ የእኔ ቅጂ ነው። ልጅቷ ያመጣችልኝን ገጾች በመዝገብ ክር ሰፍቼ ጨምሬበታለሁ፤ እያንዳንዱ ቅጠል በቀይ ተቆጥሯል፤ እኔው ራሴ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ የጎደለ የለም። መዋስ የሚፈልግ ይውሰድ። ደብተሩ አጠገቡ ነው፤ ስም፣ ቀን፣ የተወሰደው የቅጠል ብዛት። እስክሪብቶውን በክር አስሬዋለሁ።

የት ላይ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።